ተከራይ ያጣው የወፍ ቪላ

ቤት አጥቶ የሚንከራተት ሰው በየከተማው ሞልቷል። እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ እንዲያውም ራሳችሁ ናችሁ። ቤት ሠርቶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ በረንዳ አውጥቶ፣ «ኪራይ አልፈልግም፣ ግቡልኝ ብቻ» እያለ የሚለምን ሰው ግን አይታችሁ አታውቁም። እንግዲያው እኔን እዩኝ። ለዚያውም የለመንኩት ሰው አይደለም፤ ድንቢጥ ነው። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ተስቆ ይታለፍ ነበር። እኔ ግን አንዲት ድንቢጥ ቤቴን ንቃ በመቅረቷ የምወዳት ልጅ ለሌላ ሰው ልትዳርብኝ ነበር።

ጊዜው ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ፣ ጸጉሬም ገና አናቴ ላይ የነበረበት ነው። አሰላ ከተማ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ከጋሽ ሁሴን ልብስ ስፌት ቤት ጀርባ ትንሽ የአናጢነት ቤት ነበረችኝ። አልጋ እሠራለሁ፤ በርጩማ እሠራለሁ፤ ሰው ሲሞትም መጀመሪያ የሚጠራው እኔ ነኝ። ከዚህ የተነሣ ሳል የያዘው ሰው መንገድ ላይ ሰላም ስለው ደስ አይለውም። ጋሽ ሁሴን ደግሞ የስፌት መኪናቸውን በረንዳ ላይ አውጥተው፣ አላፊ አግዳሚውን እየለከፉ የሚሰፉ፣ የእኔን ኑሮ ከእኔ በላይ የሚያውቁ ጎረቤቴ ነበሩ።

አንድ ቀን የአንድ ፈረንጅ የእርሻ ባለሙያ ሚስት ላንድሮቨሯን ደጄ ላይ አቆመችና የሣለችውን ወረቀት ዘረጋችልኝ። ሣጥን ነው፤ ፊቱ ላይ አንድ ክብ ቀዳዳ አለው። በቃ። በር የለው፣ መስኮት የለው።

«ምንድን ነው ማዳም?» አልኳት።

«የወፍ ቤት» አለችኝ።

«ለማጥመጃ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ወፏ እዚያ ውስጥ ምን ታደርጋለች?»

«ትኖራለች።»

«እርስዎስ?»

«እኔ አያለሁ።»

ከዚህ በላይ ብጠይቅ የባሰ ነገር እሰማለሁ ብዬ ወረቀቱን አጠፍኩ። ከአልጋ የተረፈ የጥድ ጣውላ ሰብስቤ እንደ ሥዕሉ አድርጌ መታሁላት። ወሰደች፤ ግቢዋ ውስጥ ሰቀለችው። ትንሽ ቆይታ ወፍ ገባበት ብላ እየሳቀች መጥታ ነገረችኝ፤ እጄንም ጨበጠችኝ። ሰውየው፣ ማለትም እኔ፣ የተበላሸሁት ያን ጊዜ ነው። «አንዲት ቀዳዳ ያላት ሣጥን ሠርቼ ይህን ያህል ከተመሰገንኩ፣ ደኅና ቤት ብሠራማ ምን ልባል ነው?» ብዬ አሰብኩ። አሰላ ውስጥ አልጋ የሚሠራ አናጢ መዓት ነው። የወፍ ቤት የሚሠራ ግን ከእኔ በቀር የለም። በዚያ ላይ ከተማው ሁሉ ዘመናዊ ልሁን የሚልበት ጊዜ ነው። ወፏ ለብቻዋ ከዘመን ወደ ኋላ የምትቀርበት ምን ምክንያት አለ?

እንግዲህ ሥራ ጀመርኩ። የመጀመሪያዋ ቪላ በረንዳ ነበራት። በረንዳዋ ላይ በምላጭ የጠረብኳቸው ዓምዶች ነበሩ። ሁለት መስኮቶች በእውነተኛ መስታወት፣ በማጠፊያ የሚከፈት በር፣ በሩ ላይ ከሻንጣ የነቀልኩት ቁልፍ፣ ጣራው ላይ አሸንዳ፣ ግድግዳው አረንጓዴ፣ የበሩ መቃን ቀይ። አንድ አልጋ የምሠራበትን ጊዜ በላችብኝ። ጨርሼ ወደ በረንዳ ሳወጣት ጋሽ ሁሴን መኪናቸውን አቆሙና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ።

«ሱብሃነላህ» አሉ። «እኔ እንኳ በረንዳዬ መሬት ነው። ኩራዙን የት ነው የምትሰቅልላት?»

«ጋሽ ሁሴን፣ ይኼ እኮ ንግድ ነው።»

«ንግድማ ነው። ግን ደንበኛህ ኪስ የለውም።»

የሚገዛኝ ደንበኛ ሰው መሆኑን፣ ወፏ ተከራይ ብቻ መሆኗን ሳስረዳቸው ዋልኩ። እሳቸውም ሲያዳምጡኝ አንድ ሱሪ አንድ እግሩን አሳጥረው ሰፉ።

ቪላዎቹ ሲበዙ ጭኜ ሁሩታ ገበያ ወረድኩ። ሰው ከበበኝ፤ መቼም የሚያይ አይጠፋም። አንዲት እናት ለጫጩት ማሳደሪያ ልትወስደው ፈለገች፤ በሩ ጠበበባት። አንድ የደብር ገንዘብ ያዥ ቀዳዳውን አይቶ ለሙዳየ ምጽዋት ጥሩ ነው አለ። አንድ ገበሬ ግን እውነተኛ ሥራውን ጠይቆ ሲረዳ ለረጅም ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«ወፍ ገብሴን ትበላለች» አለ።

«ልክ ነው።»

«እኔ ማማ ላይ ወጥቼ በወንጭፍ አባርራታለሁ።»

«እሱም ልክ ነው።»

«አንተ ደግሞ ደክሟታልና ግቢና እረፊ ብለህ ቤት ትሠራላታለህ።»

ይህን ሲል ገበያው በሳቅ ተናጋ። ዕቃዬን ጠቅልዬ ስመለስ የአውቶቡሱ ረዳት ሳይቀር «ወፎቹ ቦታ ይዘዋል ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ከዚህ ሁሉ መሐል ያልሳቀችብኝ፣ ወይም ስቃብኝ ያላስከፋችኝ፣ አንዲት ሰው ነበረች። አሰለፈች ትባላለች። አንደኛ ክፍል ታስተምራለች፤ ጠዋትና ማታ በደጄ ታልፋለች። ቪላዋን ያየች ቀን ቆም ብላ በሩን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ቁልፉን አዞረች።

«ወፏ ስትወጣ ቁልፉን የት ነው የምታስቀምጠው?» አለችኝ።

ቁልፉን ነቅዬ አገላበጥኩ። እሷም ሳቋን ይዛ ሄደች። በማግስቱ መልስ አዘጋጅቼ ጠበቅኳት፤ እሷ ሌላ ጥያቄ ይዛ መጣች። እንዲህ እንዲህ እያልን ክረምቱ አለፈ። መስቀል ሲያልፍ እኔ ያለ እሷ ጥያቄ መዋል የማልችል ሰው ሆኜ ተገኘሁ። እሷም ብትሆን ትምህርት ቤት የሚወስደው ሌላ አቋራጭ መንገድ እንዳለ እያወቀች በእኔ ደጅ ነበር የምትዞረው።

ችግሩ አባቷ ናቸው። ኦቦ ደበላ ከከተማው ጠርዝ፣ ወደ ጭላሎ በኩል፣ ሰፊ የገብስ ማሳ ያላቸው ሰው ናቸው። ወፍ በማባረር የታወቁ ናቸው። ገብሱ ሲያሸት ጠባቂ አላምንም ብለው ራሳቸው ማማ ላይ ይወጣሉ፤ «ሁፍ!» ሲሉ እኛ ሰፈር ድረስ ይሰማል። እኔ እንግዲህ የልጅ አባት ሁሉ ከሞላበት አገር የወፍን ደመኛ መርጬ፣ ልጅዎን ይስጡኝ ልል ነው።

አጎቴን ከዲክሲስ አስመጣሁ፤ ጋሽ ሁሴንን ጨመርኩ፤ አንድ ቄስ ለመንኩና ሦስቱን ሽማግሌ አድርጌ ላክኋቸው። እኔ የአናጢ ቤቴ ውስጥ አንዲት ጣውላ እየላግኩ ጠበቅኋቸው። ሲመለሱ ጣውላዋ ወረቀት አክላለች። የሦስቱም ፊት አላማረኝም።

«ምን አሉ?» አልኩ።

አጎቴ በርጩማ ሳበ። «ልጁ ምን ይሠራል ብለው ጠየቁ።»

«እናንተስ?»

«አናጢ ነው አልን። አልጋ፣ በርጩማ... ስንል እሳቸው አቋረጡን። ዛፍ ላይ ያንጠለጠለውን አረንጓዴ ነገር ነው የምጠይቃችሁ አሉ።»

ቪላዋን እንዲታይልኝ ብዬ ደጄ ላይ ካለው ባሕር ዛፍ ላይ ሰቅያት ነበር። ባዶዋን እንደተንጠለጠለች ከተማው ሁሉ አይቷታል።

ጋሽ ሁሴን ቀጠሉ፤ የኦቦ ደበላን ንግግር እንዳለ ሊያደርሱልኝ ድምፃቸውን ሳይቀር ወፈር አድርገው፣ እንደ እሳቸው ልጁን «ጉርባ» ወፏን «ሲምቢራ» እያሉ። «እንዲህ ነው ያሉት፦ ልጄ ቤት ውስጥ ነው የምትኖረው፣ ዛፍ ላይ አይደለም። ይኼ ጉርባ ቤት መሥራት ይችል እንደሁ በምን አውቃለሁ? ሲምቢራ አእምሮ የላትም፤ ስንጥቅ ባገኘችበት ሁሉ ትገባለች። እሷ እንኳ የናቀችውን ቤት የሚሠራ ሰው ለልጄ ምን ሊሠራላት ነው? እስከ ጥምቀት ጠብቃለሁ። አንዲት ወፍ ከገባችለት እንነጋገራለን። ካልገባችለት የአቦምሳው ባለ መኪና ሽማግሌ ልላክ እያለኝ ነው።»

የአቦምሳው ሰው የእህል ነጋዴ ነው። የጭነት መኪና አለው። የእሱ ቤት ወፍ ቢገባበት ባይገባበት የሚጠይቀው የለም።

ልቤ ድው አለ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያው ልክ ቀለል አለኝ። አንዲት ወፍ ማስገባት ምን ችግር አለው? ወፍ እንደሁ አርሲ ላይ እንደ አሸዋ ነው። ጥምቀት ደግሞ ገና ሩቅ ነው። «በሉ ለሠርግ ተዘጋጁ» ብዬ ሽማግሌዎቼን ሸኘሁ።

መጀመሪያ በረንዳዋ ላይ ገብስ ነሰነስኩ። ድንቢጦች እንደ ጉድ መጡ። በሉ፣ ተናከሱ፣ ኩሳቸውን ዓምዶቼ ላይ ጣሉ፣ ገብሱ ሲያልቅ ብድግ ብለው ሄዱ። አንዷ እንኳ አንገቷን ወደ ውስጥ አላስገባችም። ጨመርኩ፤ በልተው ሄዱ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት በሩ ውስጥ ኮሽታ ሰማሁ። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ምን ቀረው። ቀስ ብዬ በመስኮቱ ሳጮልቅ አይጥ ነው። ደልቶት ተኝቷል።

ጋሽ ሁሴን ዘንድ ሮጥኩ። «ጋሽ ሁሴን፣ አይጥ አይቆጠርም?»

«ኦቦ ደበላ ያሉት ወፍ ነው።»

«የገባው ግን በራሱ ፈቃድ ነው እኮ።»

«ወላሂ፣ ይህን ሄጄ ከነገርኳቸው የአቦምሳው ሰው ዛሬውኑ አገባ ማለት ነው» አሉኝ።

አይጡን አስለቀቅሁ። ከዚያ ደግሞ የመስታወቱ ጉድ መጣ። አንድ ወንድ ድንቢጥ በረንዳው ላይ ዐርፎ ወደ መስኮቱ ቢያይ ሌላ ወንድ ድንቢጥ አፍጥጦ ያየዋል። ባለቤት ያለው ቤት መስሎት ተናደደ። መስታወቱን ጠቆመው፤ ያኛውም ጠቆመው። ክንፉን ነፋ፤ ያኛውም ነፋ። ከራሱ ጋር ሲደባደብ አረፈደ፤ ሰው ተሰብስቦ ሲያይ ዋለ። ግማሹ በውጭኛው፣ ግማሹ በውስጠኛው ተወራረደ። በመጨረሻ ድንቢጡ ተሸንፎ ሄደ፤ ማን እንዳሸነፈው እስከ ዛሬ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ የከተማው ቀልደኛ መጫወቻ ሆንኩ። አንድ ጠዋት ስነሣ በቪላዋ ላይ «የሚከራይ ቤት» የሚል ወረቀት ተለጥፎባታል። የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ መጥቶ «ፈቃድ አውጥተሃል?» ብሎ ሲጠይቀኝ እየቀለደ መሆኑ የገባኝ የይዞታ ወረቀቴን ፍለጋ ቤቴን ገልብጬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ሰላምታው ሁሉ «እንዴት አደርክ?» መሆኑ ቀርቶ «ተከራይ ተገኘ?» ሆነ።

ኅዳር ተጋመሰ። የኦቦ ደበላ ገብስ ታጨደ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሰው ሲጨንቀው የማያደርገው የለም፤ እኔም አደረግሁ። ወፍ ከሚያጠምዱ ልጆች አንዲት ድንቢጥ ገዛሁና ቪላዋ ውስጥ አስገብቼ፣ ያንን የሻንጣ ቁልፍ ቀጭ አድርጌ ቆለፍኩባት። ውኃ አኖርኩላት፣ ገብስ አኖርኩላት። ከዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ ደጄ ላይ ቆምኩና አሰለፈች ስታልፍ ጠራኋት።

«ገባች» አልኳት።

ፊቷ እንዴት እንደበራ ብታዩ። ሮጣ መጣች። በመስኮቱ አየች። ድንቢጧ ከዚህ ግድግዳ ወደዚያ ግድግዳ ትላተማለች። የአሰለፈች ፊት ቀስ እያለ ጠቆረ። እጇ ወደ በሩ ሄደ፤ አልከፈት አላት።

«ቆልፈህባታል» አለች።

«እንዳትወጣ እኮ ነው።»

«መውጣት የማትችል ከሆነ ገባች ይባላል?» አለችና ዞራ አየችኝ። «አባቴን እንዲህ አታልለህ ልታገባኝ ነው? ገብስና ውኃ አኑረህ፣ ቆልፈህ፣ ለሰው ገባች ልትል? የአቦምሳው ሰውዬም እኮ ደኅና ቤት አለው። እኔ አንተን የጠበቅሁት በፈቃዴ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ከፈተችው። ድንቢጧ ብርር ብላ ስትወጣ አሰለፈች በዓይኗ ሸኘቻት፤ ቁልፉን ግን አልመለሰችልኝም፣ ይዛው ሄደች። ለብዙ ቀን በአቋራጩ መንገድ ነበር የምትሄደው። 

በንዴት ቪላዋን አወረድኳትና በሩን ነቀልኩ። መስኮቶቹን አወለቅኩ፣ በጣውላ ደፈንኩ። ዓምዶቹን ሰበርኩ። ቀለሙን በመላጊያ ላግኩት። የቀረችው አንዲት ቀዳዳ ያላት ሣጥን ናት፤ የማዳም ሣጥን። ሌሎቹንም ቪላዎች እንዲሁ አደረግኋቸውና በአናጢ ቤቴ ጣራ ክፈፍ ሥር በረድፍ ሰቀልኳቸው። አሁን ሌላ ወፍ ቢጠፋ ሥራ ፈት ወፍ ይገባል ብዬ ጠበቅኩ። የሚገባ የለም።

«ጋሽ ሁሴን፣ አሁን ደግሞ ምን ጎደለ?» አልኳቸው።

«ምንም አልጎደለም» አሉ ክር እያስገቡ። «አንተ ልጅ፣ ዙሪያህን እየው። ከተማው ሁሉ ሳር ቤት ነው። ድንቢጥ የሳር ክዳን ውስጥ ሞቋት ተኝታለች። ቤት ያለው ሰው ቤት ይከራያል?»

እንግዲህ የአገሩን ሳር ቤት ሁሉ ላቃጥል አልችል። ተስፋ ቆረጥኩ።

ታኅሣሥ ሲጋመስ ኦቦ ደበላ ራሳቸው ደጄ መጡ። ተስፋዬ ብድግ አለ፤ ወዲያው ተመልሶ ቁጭ አለ። «ጉርባ» አሉኝ፣ «ለእንግዳ የሚሆን ጣራ ያስፈልገኛል። ሳሩን አፍርሰህ ቆርቆሮ ምታልኝ። የአቦምሳ ሽማግሌዎች በሳር ቤት አይቀበሉኝም፤ የመኪና ሰዎች ናቸው።»

የገዛ ተቀናቃኜ የሚገባበትን ቤት ጣራ ልመታ ማለት ነው። ቆሽቴ አረረ። ሌላ አናጢ ይፈልጉ ልል አፌን ከፈትኩና አሰለፈችን ማየት የምችለው እዚያ ብቻ መሆኑ ትዝ ሲለኝ «እሺ ኦቦ ደበላ» አልኩ።

ጣራው ላይ ወጥቼ የመጀመሪያውን የሳር ነዶ ስመነግል ጉድ ፈላ። ከውስጡ ድንቢጥ ወጣ። ሁለተኛውን ስመነግል ሌላ ወጣ። ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ፣ ጣራው ራሱ ክንፍ አውጥቶ የሚነሣ መሰለኝ። አቧራው፣ ላባው፣ የጎጆው ጭድ፣ ጫጫታው። ኦቦ ደበላ ታች ቆመው አፋቸውን ከፍተው ያያሉ።

«ዋቃዮ» አሉ። «ይህን ሁሉ ቤተሰብ ነው የማስተዳድረው? ማሳዬ ላይ የማባርራቸው ሌቦች ማታ የሚገቡት እኔ ቤት ነው?»

ቆርቆሮውን መምታት ስጀምር አሰለፈች ምስማር በጣሳ ይዛ መሰላሉ ሥር ቆመች። ከዚያ ቀን ወዲህ ያነጋገረችኝ ያን ጊዜ ነው።

«ይህን ሁሉ ምስማር ለሠርጌ ነው የምትመታው?» አለችኝ።

«ለማን ሠርግ?» አልኩ፣ አውራ ጣቴንም በመዶሻው አገኘሁት።

«እሱን እኔንጃ። ጥምቀት ገና አልገባም» አለችና ምስማሩን አቀበለችኝ። ጣቴ ቀልቶ አብጦ ሳለ በደስታ አላመመኝም።

ሥራውን በጨረስኩ ማግስት ማለዳ የቀሰቀሰኝ ጦርነት ነው። እየሮጥኩ ወጣሁ። የኦቦ ደበላ ድንቢጦች ቆርቆሮው ላይ የሚይዙት አጥተው፣ የሰፈሩም ሳር ሁሉ ባለቤት ስላለው፣ ከእነሱ ዝቅ ብሎ ያለውን የእኔን ክፈፍ ወረውታል። አንዱን ሣጥን ሦስት ባልና ሚስት ይሻሙበታል። አንዷ ጭድ ይዛ ትገባለች፣ ሌላዋ ነጥቃ ትወጣለች። በረንዳ የለ፣ መስኮት የለ፣ ቀለም የለ፤ እነሱ ግን ቤተ መንግሥት ያገኙ ያህል ይጣሉበታል። እኔ እንደ ቆምኩ እንባዬ መጣ። ጋሽ ሁሴን ቁምጣቸውን እንደ ለበሱ ወጥተው አዩና ሳይለክፉኝ ትከሻዬን መቱኝ።

ወሬው አልዘገየም። ረፋዱ ላይ ኦቦ ደበላ ዱላቸውን ይዘው ከች አሉ። ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ቃኙ። አንዷ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይቺ ጭራዋ የጎደለባት የእኔ ናት» አሉ። «አውቃታለሁ። እልፍኜ አናት ላይ ነው የምትኖረው።»

«አሁን እዚህ ገብታለች፣ ኦቦ ደበላ» አልኩ። «ወፍ ከገባችለት እንነጋገራለን ብለው ነበር።»

«አፈናቅለሃት ነዋ። ከቤቴ ያስወጣሃት አንተ፣ ቤትህ ያስገባሃት አንተ። ይኼ እንዴት ይቆጠራል?»

«ጣራውን አፍርስ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«ሳሩን አልኩ እንጂ ሲምቢራዎቹን አልኩህ?» አሉና ዞረው ሄዱ። እሺም እምቢም አላሉም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰሞን ከሁሉም የከፋ ነበር። ሥራዬ እንኳ ተቃናልኝ። ከጎንደር የተመደቡት የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ለተማሪዎቹ ማሳያ ብለው አዘዙኝ። ቆርቆሮ ያስመቱ ሁለት ነጋዴዎች «ግቢያችን ጭር አለብን» ብለው መጡ። ጋሽ ሁሴን ራሳቸው አንዱን በረንዳቸው ላይ ሰቀሉ፤ ደንበኛ ይጠራልኛል ብለው ነው። እኔ ግን እየሠራሁም ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው። የአቦምሳ ሽማግሌዎች ከጥምቀት በፊት ይመጣሉ ይባላል። አሰለፈች በደጄ ማለፍ ብትጀምርም አባቷ ምን እንዳሰቡ እሷም አታውቅም።

የጥምቀት ሰሞን አንድ ማለዳ በሬን ስከፍት ኦቦ ደበላ ጋቢያቸውን ተከናንበው አጥሬ በር ላይ ቆመዋል። ብርዱ ይፋጃል። ከመቼ ጀምሮ እንደ ቆሙ እንጃ።

«ምነው ኦቦ ደበላ፣ ደኅና አይደሉም? ይግቡ፣ ይቀመጡ እንጂ።»

«አልቀመጥም» አሉ።

ደነገጥኩ። በእኛ አገር ሰው ደጅ ሄዶ አልቀመጥም የሚል ልመና የያዘ ሽማግሌ ነው፤ የመጣበትን እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ኦቦ ደበላ እኔን የሚለምኑኝ ነገር ምን ሊኖር ይችላል? የጣራ ምስማር ነቅሎ ይሆን?

«ምን ሆኑ?» አልኩ።

 ሣጥኖቹን አዩ። ድንቢጦቹ ገና መንቃታቸው ነው፤ ክፈፉ ሁሉ ይንጫጫል።

«ቤቴ ዝም አለብኝ» አሉ በመጨረሻ። «የአሰለፈች እናት በሕይወት ሳለች ጠዋት ጠዋት እፍኝ ገብስ ትበትንላቸው ነበር። እኔ እቆጣታለሁ። እሷ ከሄደች በኋላ በየማለዳው እነሱ ሲንጫጩ እነቃለሁ፤ ሌቦች፣ አታስተኙኝም እያልኩ እየተሳደብኩ እነሣለሁ። አሁን ነቅቼ ጆሮዬን ሳቀና ቆርቆሮ ብቻ ነው። የምሰድበው እንኳ የለኝም።» ዱላቸውን ወደ ክፈፉ ቀሰሩ። «ጉርባ ኮ፣ ሲምቢራዎቼን መልስልኝ። ሣጥኑን ከነወፎቹ ስጠኝ።»

 ልሰጣቸው ፈለግሁ። ሣጥኖቹን ብቻ አይደለም፣ ክፈፉንም ነቅዬ ብሰጣቸው ደስ ይለኝ ነበር። ግን እውነቱን መናገር ነበረብኝ።

«ኦቦ ደበላ፣ እንቁላል ጥለዋል። አሁን ሣጥኑን ከቦታው ካነሣሁት ጥለውት ይሄዳሉ። ለእርስዎ ሌላ ሠርቼ ጣራዎ ሥር እሰቅላለሁ፤ መግባት አለመግባቱ ግን የእነሱ ፈቃድ ነው። ላስገድዳቸው አልችልም።»

«አትችልም?»

«አንድ ጊዜ ሞክሬ ልጅዎ ተቆጣችኝ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሳቸውን አየሁት።  ዱላቸውን መሬት ላይ ወጋ ወጋ አደረጉ። ወደ ሣጥኖቹ አዩ፣ ወደ ቤታቸው አዩ፣ እንደገና ወደ ሣጥኖቹ አዩ።

«እንግዲያ እዚሁ እየመጣሁ መስማት ነው ያለብኝ» አሉ።

«በየቀኑ ይምጡ፣ ደስ ይለኛል።»

«ሞኝ አትሁን። ደበላ በየማለዳው የማይዘመደው ሰው ደጅ ተቀምጦ ወፍ ይሰማል ቢባል ከተማው ምን ይለኛል? አንተን እንኳ ምን እንዳሉህ ረሳኸው?» ፊታቸውን ወደ ሣጥኖቹ አዞሩ። «የአማቼ ደጅ ከሆነ ግን ማን ይጠይቀኛል? ሰው አማቹን ሊያይ ማለዳ ቢመጣ ነውር አይደለም።»

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። «የአቦምሳው ሰውስ?» አልኩ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ እንደ እኔ ያለ ጅል ብቻ ነው።

«የአቦምሳው ሰው መኪና ነው ያለው፤ መኪና ሲነሣ ሰምተሃል? አሰለፈችንም ማታ ጠየቅኋት። መልሷን ይዤ ነው የመጣሁት» አሉና በርጩማውን በዱላቸው ሳብ አድርገው ክፈፉ ሥር ተቀመጡ።

ጉልበታቸው ላይ ተደፋሁ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የማያት፣ አባቴ እርስዎ ነዎት፣ ሽማግሌዎቼን ዛሬውኑ እልካለሁ፣ እያልኩ ቀጠልኩ፤ ይሄው አሁንም እንደምታዩኝ አንዴ ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም። ኦቦ ደበላ እጃቸውን አናቴ ላይ ጫን አደረጉ።

«ዝም በል» አሉኝ ቀስ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። «ልስማበት።»